መልእክቱ ደርሷል፤ መልእክተኛውስ?

ባለፈው ክረምት የረጅም ዘመን ባልደረባዬ ባለቤቱ አረፈችበት። ሥነ ጽሑፍ ስናስተምር ለዓመታት አንድ ቢሮ፣ አንድ የሻይ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ጃንጥላ ተጋርተናል። መርዶውን የሰማሁት በስልክ መልእክት ነበር። ዝናቡ አላባራ ብሏል፤ የሰፈራችን መንገድ ተቆፍሮ ጭቃ ሆኗል፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ሰበብ መቼ ይጠፋል! ስልኬን አወጣሁና፣ ስትጠልቅ ያለች ፀሐይ ከሚያሳይ ሥዕል ላይ የሰፈረች አንዲት የትንቢተ ኢሳይያስ ጥቅስ መርጬ በዋትስአፕ ላክሁለት። ወዲያው ሁለቱ ትንንሽ ምልክቶች ብቅ አሉ። ደርሷል ማለት ነው። እኔም የደረስኩ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጸጸት ቢጤ ሸንቆጥ ቢያደርገኝ ተነሥቼ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ እግዜር ያጽናህ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጥቂት ዝም ከተባባልን በኋላ ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። «እስቲ ቁጠርልኝ» አለ። ቆጠርኩ። ያችኑ ጥቅስ ከሰባት ሰው ተቀብሏታል። አራቱ ከነፀሐይዋ አንድ ናቸው። «ከሰባታችሁ ለቅሶ የደረሳችሁ ስንት እንደሆናችሁ ታውቃለህ? ካንተ ጋር ሁለት» አለኝና ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በአማርኛችን እኮ ለቅሶ «ይደረሳል» እንጂ አይላክም። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። እኔ ደግሞ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በየማለዳው ስልኬን የሚያንኳኳውን ይህን አዲስ ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ ልመረምረው ተነሣሁ። ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ አንድ ግጥም ስሰጣቸው ሦስት ጥያቄ አስጠይቃቸው ነበር። ተናጋሪው የት ቆሞ ነው የሚናገረው? ለማን? ተናጋሪውስ ማነው? ልጆቹ እስኪሰለቻቸው ድረስ ነው የደጋገምኩት። እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች በስልኬ ለሚመጣልኝ ጥቅስ አንድም ቀን አቅርቤለት አላውቅም። ዛሬ ላቅርብለት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። የስልክ ጠላት አይደለሁም። ቃሉ በየዘመኑ ያገኘውን መጓጓዣ ሁሉ ሲሳፈር ኖሯል። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ደግሞ ከካይሮ ይጀምራል። አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቀው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በፈረንሳዩ ቆንስል በአሴሊን ደ ሼርቪል ጠያቂነት ዐሥር ዓመት ያህል ተቀምጦ ተረጎመው። የእጅ ጽሑፉን የእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1820 ገዛው፤ ወንጌላቱ በ1824፣ ሙሉው በ1840 ታተመ። አቡ ሩሚ ግን አንዷንም የታተመች ገጽ ሳያይ ነበር የሞተው።

ቀጥሎ ሬዲዮ መጣ። በ1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያን አዲስ አበባ ላይ ከፈተ። ከዚሁ ከኛው ከተማ በአጭር ሞገድ ለአፍሪካና ለእስያ በብዙ ቋንቋ ያሰራጭ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ማሠራጫው ያው፣ አንቴናው ያው፤ ቃሉ ብቻ ተለወጠ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መሣሪያ የያዘውን ሁሉ ይሸከማል እንጂ የሚሸከመውን አይመርጥም።

አሁን ተራው የኪስ ስልክ ነው። በዓለም ላይ በሰፊው የተሠራጨውን መተግበሪያ እንውሰድ። ዩቨርዥን ይባላል። አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ያለች ላይፍ ቸርች የምትባል ቤተ ክርስቲያን ያወጣችው ነው። ሐሳቡ ለቦቢ ግሩኔዋልድ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ2006 ቺካጎ፣ ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ፣ የፍተሻ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። መጀመሪያ በድረ ገጽ ሞከሩት፤ ብዙም አልሆነላቸውም። በሐምሌ 2008 አፕል የመተግበሪያ መደብሩን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ ነፃ መተግበሪያዎች ጋር አብሮ ገባ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ጫነው። በ2021 ቁጥሩ 500 ሚሊዮን ደረሰ። የኛው የ1954ቱ የአማርኛ ትርጉም ሳይቀር እዚያ ውስጥ አለ። በነፃ! ዱሮ መጽሐፍ ቅዱስ የነበረው ቤት በሰፈር ይቆጠር ነበር። ማንበብ ለማይችልም በድምፅ ይነበባል፤ ዓይኑ ለደከመ እንደኔ ላለው ደግሞ ፊደሉ በጣት ይጎላል። ይህን አለማመስገን ንፉግነት ነው።

በር በተዘጋበት አገርም ስልክ በር ሆኗል። ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ ቅዱስ ከኢንተርኔት መሸጫዎች ሲወርድ ስልኩ ቀርቶ ነበር። ችግሩ፣ በሩ በስልክ ሲሆን ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ነው። በ2021 ኦሊቭ ትሪ የተባለው የመጽሐፍ ቅዱስ መተግበሪያ ከአፕል የቻይና መደብር ወጣ፤ በዚያው ሰሞን አንድ ታዋቂ የቁርኣን መተግበሪያም እንዲሁ። ሩቅ አገር ምን አስኬደኝ? በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኛው አገር ቤተ ክርስቲያን በውዝግብ ስትናጥ ፌስቡክም፣ ቴሌግራምም፣ ዩቲዩብም ተዘግተው ለወራት ቆይተዋል። ያን ሰሞን ክፍት ሆኖ የቀረው የጥንቱ ደጀ ሰላም ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎቹ። ተናጋሪው የት ቆሞ ነው የሚናገረው?

ለባልደረባዬ የላክኋት ጥቅስ ኢሳይያስ ምዕራፍ 41 ቁጥር 10 ናት። ዩቨርዥን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መግለጫ፣ በዚያ የኮሮና ዓመት ዓለም በብዛት የተቀባበላት ጥቅስ ይህችው ነበረች። አምላክ ሕዝቡን አትፍራ፣ አብሬህ ነኝ የሚልበት ቦታ ነው። እውነትም መልካም ናት። ነገር ግን ምዕራፉን ከላይ ጀምሮ አንብቡት። ከሦስት ቁጥር በፊት ሌሎች ሰዎችም እርስ በርስ «አይዞህ» ይባባላሉ። እነማን ናቸው? ጣዖት ሠሪዎች! አናጢው አንጥረኛውን ያበረታታዋል፤ ብየዳው ሠናይ ነው ይባባሉና ጣዖቱ እንዳይወድቅባቸው በምስማር ይቸነክሩታል። ነቢዩ ሁለት ማጽናኛዎችን ጎን ለጎን አቁሞ አንባቢን ምረጥ ይለዋል። አንዱ አይዞህ ባይ በምስማር ካልተያዘ የሚወድቅ ነው፤ ሌላው ራሱ የወደቀውን የሚይዝ። ቁጥር 10ን ብቻ ቆርጦ የወሰደ ሰው አይዞህን ይዞ ጥያቄውን ጥሎ ሄዷል። የላክነው ማጽናኛ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?

የኛ የአብነት ትምህርት ቤት ይህን በደንብ ያውቅ ነበር። መጽሐፍ ቤት የገባ ተማሪ አንዲት ኃይለ ቃል ይዞ የኔታ እግር ሥር ይቀመጣል። «አንድም» ተብሎ ይፈታለታል፤ «አንድም» ተብሎ ይገለበጥለታል፤ ታሪኩ ይመጣል፣ ምሳሌው ይመጣል፣ ከሌላው መጽሐፍ ጋር ይጋጫል፣ ይታረቃል። ያ ሁሉ አንዲት ቃል ላይ ነው። የስልኩ ጥቅስ ግን «አንድም» የለውም፤ አንድ ብቻ ነው፤ ነገ ጠዋት በሌላ አንድ ይተካል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ለማን?

መተግበሪያው ሰው የወደደውን ሲቀባበል፣ የተቀባበለውን ደግሞ ሌላው ሲያየው፣ እየዋለ እያደረ ከመጽሐፉ ውስጥ ሌላ ትንሽ መጽሐፍ ይወጣል። ያ ትንሽ መጽሐፍ ሁሉ ጣፋጭ ነው። አይዞህ፣ ይሳካልሃል፣ ዓመቱ ያንተ ነው። እስከ ዛሬ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5ን የላከልኝ ሰው የለም፤ የሠራተኛን ደመወዝ ስላስቀሩ ባለጠጎች፣ ስለዚያ ደመወዝ ጩኸት የሚናገረውን ማለቴ ነው። አሞጽንም የላከልኝ የለም። አንድ የማውቀው አሠሪ በየማለዳው ለሠራተኞቹ ጥቅስ ይልካል፤ ከነአበባው። አንደኛው ሠራተኛ «ጋሼ፣ ጥቅሱ አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም። የዘገየው ደመወዛችን ነው» ብሎኝ አብረን ሳቅን። ሳቃችን ግን ወዲያው ቀዘቀዘ። ቃሉ ለላኪውም እንደሚናገር ረስተን፣ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው የምናስተላልፈው ነገር አድርገነዋል። «ፎርዋርድ» የሚባለው ቁልፍ ሥራው ይኸው አይደለም? ወደ ፊት! ወደ እኔ አይደለም።

ሌሎችን ብቻ አልውቀስ። መተግበሪያው በተከታታይ ያነበብክበትን ቀን ይቆጥርልሃል። ሃያ ሦስት ቀን አደረስኩ። በሃያ አራተኛው ጉንፋን ጣለኝና ሳልከፍተው አደርኩ። በማግሥቱ ቁጥሩ ከአንድ ሲጀምርብኝ የተናደድኩትን ንዴት ለናንተ መናገር ያሳፍራል። ያሳዘነኝ አለማንበቤ አልነበረም፤ ቁጥሬ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀኖችስ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ከፍቼ የዘጋሁትን ሁሉ «አነበብኩ» ልለው ነው?

ሦስተኛውና ዋናው ጥያቄ፣ ተናጋሪው ማነው?

እዚህ ላይ ሰባኪዎቻችን የሚወዱት አንድ የኛ ሰው አለ፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው የህንደኬ ጃንደረባ። ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። አስቡት፤ ጽሑፉ አለው፣ መጓጓዣ አለው፣ ጊዜ አለው፣ እየተጓዘ ማንበብም ይችላል። በዘመኑ ሚዛን የሞባይል አንባቢ ማለት እሱ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፊልጶስ የምታነበው ይገባሃል ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል ብሎ መለሰና ሰውየውን አጠገቡ አስቀመጠው። ፊልጶስ ምን ይዞለት መጣ? ተጨማሪ ጽሑፍ አይደለም። እግሩን፣ ጊዜውን፣ ለጥያቄ የሚመልስ አንደበቱን ይዞለት መጣ። የሮጠው ፊልጶስ ነበር፤ ጥቅሱ አልነበረም።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2024 ዩቨርዥን ላይ የዓመቱ ጥቅስ ሆና የወጣችው ፊልጵስዩስ 4 ቁጥር 6 ናት፤ ጭንቀትን ትቶ ልመናን ለአምላክ ስለማስታወቅ የምትናገረው። በዚያች ጥቅስ ስንቶቻችን ተጽናንተናል! አሁን ያችኑ ደብዳቤ ወደ ኋላ ሁለት ምዕራፍ ግለጡ። ጳውሎስ እስር ቤት ነው። የፊልጵስዩስ ሰዎች አፍሮዲጡ የሚባል ሰው ስጦታ አስይዘው ልከውለታል። አፍሮዲጡ እዚያ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር፤ እንደ ዳነ ጳውሎስ ወደ ወገኖቹ መልሶ ይልከዋል፤ ደብዳቤውንም የወሰደው እሱ ነው ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ ዓለም በአንድ ጣት የሚቀባበላት የ«አትጨነቅ» ጥቅስ የወጣችው ነፍሱን ለአደጋ የሰጠ መልእክተኛ ካለበት ደብዳቤ ነው። ጥቅሷን ዓለም አወቃት፤ አፍሮዲጡን ማን አስታወሰው? እሱን ቆርጠን ጣልነው። በቦታው ጠላቂ ፀሐይ ተካንበት።

ታዲያ መልእክተኛ የሌለው መልእክት ሲበዛ ባዶው ቦታ በሌላ ሰው ይሞላል። «ይህን ለዐሥራ ሁለት ሰው ላክ፤ ካልላክህ ግን...» የሚለውን ዛቻ የጻፈው ማነው? ማንም አያውቅም። ተጠያቂ ስለሌለው ነው የሚደፍረው። ስልክ ከፍቶ እየጸለየ ከጸሎቱ ግርጌ የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚደረድረውስ? ሰፈራችሁ ቢኖር፣ እድራችሁ ውስጥ ቢሆን፣ ልጁን ብታውቁት፣ እንዲያ ባልደፈረ ነበር። ቃል ባለቤት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ተናግሮ ነገ መንገድ ላይ የምታገኘው ሰው ያስፈልጋል።

እዚህ ድረስ ጽፌ፣ ረካ ብዬ፣ ልደመድም ነበር። የእህቴ ልጅ አስቆመችኝ።

ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። እዚያ አገር እንደምታውቁት ቤተ ክርስቲያን የለም። እሑድ ማለዳ፣ አሠሪዎቿ ሳይነሡ፣ እናቷ ጋ በኢሞ ትደውላለች። እህቴ በዚያ ሰዓት ኪዳን ለማድረስ ቅጥር ግቢ ውስጥ ናት። «እማዬ፣ ስልኩን ወደ ድምፁ አዙሪልኝ» ትላታለች። እህቴ ሰው እንዳትረብሽ ራቅ ብላ ዛፍ ሥር ትቆምና ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው ታነሣዋለች። ክንዷ ሲዝል ወደ ሌላው እጇ ታዛውረዋለች። ልጅቷ ወዲያ ማዶ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና በጆሮ ማዳመጫ ትሰማለች። አንዳንዴ ኔትወርኩ ይቆረጣል፤ አንዳንዴ ከጸሎቱ ይልቅ ነፋሱና የእህቴ ሳል ይሰማል።

አንድ ቀን ስትደውል የሞኝ ጥያቄ ጠየቅኋት። «አንቺ ልጅ፣ ዩቲዩብ ላይ ጥርት ብሎ የተቀዳ ሞልቶ የለም እንዴ?»

«እሱማ አለ ጋሼ» አለችኝ። «እማዬ ግን የለችበትም።»

ሠላሳ ዓመት ገደማ ስለ ጽሑፍ አውርቼ እንዲህ አጭር ሂስ ጽፌ አላውቅም። ስልኩ እዚያም ስልክ ነው፤ ያው መስታወት፣ ያው ባትሪ። ልዩነቱ በወዲህኛው ጫፍ ክንዷ የሚዝል ሰው መኖሯ ነው። ስለዚህ ክሴን አሻሽዬ ላቅርብ። ስልክ ወንጌልን ወደ ዓለም ዳርቻ ማድረሱን ጠልቼ አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ራሴ መድረስ ሲገባኝ ስልኬን ወክዬ ሰደድኩት። ሪያድ ድረስ በእግር መሄድ የማይችል ሰው ክንዱን ያንሣ። ሦስት ሰፈር አልፎ መሄድ የሚችል ግን ምን ይላል?

ከአርባው በኋላ ባልደረባዬ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ከፈረሰ፣ ሰው ከተበተነ ቆይቷል። ቡና የሚያፈላ አልነበረምና ሻይ ራሱ አፈላ፤ ስኳሩ የት እንዳለ ሲፈልግ ጥቂት ቆየ። «ያቺን ጥቅስ እስቲ ከነምዕራፏ እናንብባት» አልኩት። መጽሐፉ ፊደሉ ለሁለታችንም ዓይን ደቃቃ ሆነብን። ሳቀ፤ ስልኩን አውጥቶ ፊደሉን አጎላውና ሰጠኝ። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ጣዖት ሠሪዎቹን አለፍን። ቁጥር 10ን አለፍን፤ ምንም አላለም። ቁጥር 17 ላይ ስደርስ፣ ውኃ ፈልገው ስላጡና አንደበታቸው በጥም ስለ ደረቀ ችግረኞች የሚናገረው ላይ፣ እጁን አነሣ። አቆምኩ።

«በመጨረሻዎቹ ቀናት መዋጥ አቅቷት ነበር» አለኝ። «ከንፈሯን በጥጥ እያረጠብኩ ነው የቆየሁት። ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ትል ነበር።» ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ይቺን ማንም አልላከልኝም» አለ።

ደግሜ አነበብኩለት።